ነውሩ በማን ላይ ያርፋል?

የዛሬው ትምህርታችን ሁላችንም ስለምንፈራው፣ ነገር ግን ምን እንደ ሆነ ቁጭ ብለን ስላልመረመርነው ነገር፣ ማለትም ስለ ነውር ነው።

ልጅ ሳለሁ ከአጎቴ ኋላ በፈረስ ተፈናጥጬ ከጎባ ወደ ሮቤ ስንወርድ፣ ወሩ ነሐሴ፣ መንገዱም ጭቃ ነበርና ፈረሱ እግሩን እየነቀለ በግድ ይራመድ ነበር። ከመንገዱ ዳር፣ ገና በሩቁ፣ የለቅሶ ድንኳን ታየ። አጎቴ ልጓሙን ያዝ አድርጎ ወረደ፤ እኔንም በብብቴ ይዞ አወረደኝ፤ ባርኔጣውን አውልቆ በግራ እጁ ያዘና ፈረሱን እየሳበ፣ ጭቃው ጫማውን እየዋጠው፣ ወደ ድንኳኑ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ አለፈ። ድንኳኑ ከዐይናችን ከተሰወረ በኋላ ነው እንደገና የተቀመጥነው። «ሟቹን ታውቀዋለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አላውቀውም» አለኝ። «ታዲያ ለምን ወረድን?» ስለው፣ መልሱ አጭር ነበር፤ «መሬት የተቀመጠ ሐዘንተኛ ከፈረስ ላይ ሆኖ ቁልቁል አይታይም፤ ነውር ነው።»

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ዛሬ አስፋልት በሆነው በዚያው መንገድ ላይ በባጃጅ ስጓዝ፣ ሾፌሩ ገና ጢም ያላበቀለ ወጣት፣ ዘፈኑን አለቅጥ ከፍቶት ነበርና አንጀቴን እያሳረረኝ ሄድን። ዳሩ ግን ከፊታችን የለቅሶ ድንኳን በታየ ጊዜ ልጁ አንዲት ቃል ሳይናገር እጁን ሰደድ አድርጎ ድምፁን ጭጭ አሰኘው፤ ፍጥነቱንም ቀነሰ፤ ካለፍንም በኋላ መልሶ ከፈተው። ይህ ልጅ በዕድሜው አንድ ቀን ስንኳ ፈረስ ላይ ወጥቶ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት እንደ አጎቴ ከፈረሱ ወረደ። ያስተማረው መምህር፣ የቀጣው ዳኛ፣ የጻፈለት ሕግ አልነበረም። የነውር ኀይል ይህን ያህል ነው፤ ያለ ፖሊስና ያለ ወህኒ ቤት ሰውን ያስተዳድራል።

ነውር የሚለው ቃል ከግእዝ የወረስነው ሲሆን የጥንት ፍቺው እንከን፣ ጉድለት ማለት ነው። በኦሪት ሕግ ለመሥዋዕት የሚቀርበው ጠቦት ነውር የሌለበት ይሁን ተብሎ ሲታዘዝ፣ ዐይኑ ያልጠፋ፣ እግሩ ያልተሰበረ፣ ቆዳው እከክ ያልያዘው ይሁን ማለት ነበር እንጂ፣ ጠባየ መልካም ይሁን ማለት አልነበረም። ቃሉ ከበግ አካል ተነሥቶ ወደ ሰው ምግባር ተሸጋገረ፤ ሲሸጋገር ግን የጥንት አመሉን ይዞ መጣ። የጠቦቱን እግር በድንጋይ የሰበረው እረኛው ቢሆንም ከመሠዊያው የሚመለሰው ጠቦቱ ነው፤ ድንጋዩን ማን እንደ ወረወረው የሚጠይቅ ካህን የለም። ይህን ምሳሌ እባካችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የነውር እኅት ይሉኝታ ናት። አማርኛችን እንዴት ያለ ቋንቋ ነው ያሰኘኛል፤ ጎረቤት ሁሉ «ምን ይሉኛል» ብሎ ሲፈራ የኖረውን ፍርሃት ሰብስቦ፣ «ይሉኛል» ከሚለው ግሥ አንድ ሙሉ ስም አውጥቶለታል። ይሉኝታ ያለው ሰው ጨዋ ይባላል፤ ይሉኝታ ቢስ የተባለ ግን ዕድር ቢገባ፣ ገንዘብ ቢያዋጣ፣ ስሙ አይጠራም። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ ሰፉ የሚባል አለ። ሰፉን ነውር ብሎ መተርጎም ይቀናል፤ እኔ ግን ትርጉሙ ጠባብ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሰፉ በታላቅና በታናሽ፣ በእናትና በልጅ፣ በሰውና በፈጣሪው፣ በሰውና በውሃው በዛፉም መካከል ሊጠበቅ የሚገባውን የክብር ርቀት ሁሉ የሚያመለክት ነው፤ ስለዚህም «ሰዎች ምን ይሉኛል» ከማለት አልፎ «ይህን ባደርግ የነገር ሁሉ ሥርዐት ይናጋል» ወደ ማለት ያደርሳል። አንደኛው የጎረቤትን ዐይን ሲፈራ፣ ሁለተኛው ማንም በሌለበት ጫካ ውስጥም ይሠራል።

ሕዝብ የሚነቅፋቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ልቁጠር ብል ጊዜያችን አይበቃንም፤ ታውቋቸዋላችሁም። ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ አለመነሣት፣ በግራ እጅ ማቀበል፣ ሽማግሌን በስሙ ብቻ መጥራት፣ መንገድ ለመንገድ እየሄዱ መብላት፣ ሰው ቤት ገብቶ የቀረበውን ሳይቀምሱ መውጣት፣ ለቅሶ መቅረት። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በባሌ ምድር እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ልማድ አለ። ክርስቲያን ሠርግ ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቶቹ ሰንጋውን ወይም በጉን ከነነፍሱ ያስረክባቸዋል፤ እነርሱም በራሳቸው እጅ ባርከው ያርዳሉ፤ ድስቱ ሌላ፣ ጭልፋው ሌላ፣ ድንኳኑም ሌላ ይሆናል። እስላሙም ሲድር እንደዚሁ ያደርጋል። በዚህ መካከል አንድ ጅል ተነሥቶ «ምን ነበረበት፣ ከእኛው ብትበሉ» ቢል፣ የሚያፍረው እንግዳው ሳይሆን ባለ ድግሱ ነው። እዚህ ላይ ነውር ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ የሚከላከለው ባይተዋሩን፣ የሚያሳፍረው ጉልበት ያለውን ነውና።

ነገር ግን ነውር ሁልጊዜ እንዲህ አስተዋይ አይደለም። ዛሬ ያለ ቡና እንግዳ መቀበል ነውር እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። እንዲህም ሆኖ ቡና እዚሁ ሀገር እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ድረስ በብዙ ክርስቲያን ዘንድ የእስላም መጠጥ ተብሎ የሚነቀፍ፣ ካህናቱም የሚያወግዙት ነገር ነበር፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው ነቀፌታው እየላላ የሄደው። በሐረና ጫካ ቡና እንደ ዱር ዛፍ በቅሎ እያለ፣ የባሌ እስላም ኦሮሞም ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሶ ቡና ቀላ ብሎ እየመረቀበት እያለ፣ ከዚያው ሀገር የመጣውን ፍሬ ሌላው ወንድሙ እንደ እርኩስ ያየው ነበር ማለት ነው። አሁን የንስሓ አባታችን በቤታችን ተገኝተው ሦስተኛውን ስኒ ሲያነሡ፣ በረካ ብለው የሚመርቁበት ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ መሆኑን አስበው እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ። እነሆ ያ ነውር የት ሄደ? ማንም አልሻረውም፤ ጀበናው ሲፈላ እየተነነ ጠፋ።

ሳይተን የቀረ ደግሞ አለ። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣልን፣ ሸክላ ሠርታ ምጣዱንና እንስራውን የምታቀርብልን፣ ቆዳ ፍቆ አልጋና ኮርቻ የሚሠራልን ሰው፣ በሀገራችን ስንት ዘመን በሙያው ስም ሲሰደብ ኖረ! ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቡዳ ተብሎ፣ ዐይኑ ከሕፃን ላይ እንዳያርፍ ሲሸሽ፣ ከምጣዱ ላይ የጋገረች ሴት ግን ምጣዱን ስትታቀፈው። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ፣ ስድቡም ንጉሡን እንደ መስደብ እንዲቆጠር ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ያነሣው ቀጥቃጩንና ሸማኔውን ብቻ አልነበረም፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ጸሓፊውና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ ሳይቀሩ ስድብ ወጥቶላቸው ነበርና፣ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያልተሰደበው ሥራ ፈቱ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከዐዋጁ በኋላ መቶ ዓመት አለፈ፤ ስድቡ ግን በየጓዳው ዛሬም ይሰማል። ቡናን ያለ ዐዋጅ ነጻ ያወጣ ሕዝብ፣ ባለ እጅን በዐዋጅ ስንኳ ነጻ ለማውጣት የተቸገረበት ምክንያት ምን ይሆን? እኔ የማምነው እንዲህ ነው፤ ቡና ጣፈጠን፤ ባለ እጅን መናቅ ግን ጠቀመን፤ ምክንያቱም የተናቀ ሰው ለምጣዱ ዋጋ አይከራከርም።

አሁን ወደ ጠቦቱ ልመለስ።

ጠለፋ በብዙ የሀገራችን ክፍል፣ በእኛም በአርሲና በባሌ፣ ለረዥም ዘመን እንደ አንድ የጋብቻ መንገድ ሲታይ ኖሯል። ውሃ ልትቀዳ ወይም ከትምህርት ቤት ልትመለስ የወጣችን ልጅ ባለ ፈረሶች ከብበው ይወስዷታል፤ በማግስቱ ሽማግሌ ይላካል፤ ከብት ይቈጠራል፤ ነገሩም እርቅ ይባላል። ወንዱ ጎበዝ ተብሎ ሲዘፈንለት፣ ልጅቱ ብትመለስ «የተነካች» ተብላ ማንም አያገባትም፤ አባቷም አንገቱን ይደፋል። ድንጋዩን የወረወረው እረኛ በፈረስ ላይ ሆኖ ይፎክራል፤ እግሯ የተሰበረው ግን ነውረኛ ትባላለች። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሀገሪቱ ሕግ ራሱ ለረዥም ጊዜ ከዚህ ነውር ጋር ተስማምቶ መኖሩ ነው፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ አግብቷታል ከተባለ ክስ እንዳይቀርብበት በር ከፍቶለት ነበር። በጠላፊዋ ቤት፣ በጠላፊዋ ዘመዶች ተከብባ የተቀመጠች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የምትሰጠው ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደ ሆነ ሕግ አውጪዎቹ አላሰቡበትም ይመስለኛል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በአርሲ ምድር፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች አንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ለማምለጥ ስትሮጥ በያዘችው ጠመንጃ ጠላፊዋን ገደለችው። ሀገሬው እርሷም ትሙት አለ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቆች፣ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሪነት፣ ቆመው ተከራከሩላትና ፍርድ ቤቱ ራሷን በመከላከል ነው ሲል በነጻ አሰናበታት። ፍርድ ቤት በነጻ የለቀቃትን ልጅ ግን ነውር አልለቀቃትም፤ ተወልዳ ባደገችበት ቀዬ ተመልሳ ለመኖር አልቻለችም። ታሪኩ በኋላ «ድፍረት» በሚል ርእስ ፊልም ተሠርቶበታል። ርእሱን የመረጠውን ሰው አደንቃለሁ፤ በአማርኛችን ድፍረት የጀግናውም የደፋሪውም ሥራ ስም ነውና፣ ተመልካቹ ደፋሩ ማን እንደ ሆነ ራሱ እንዲመርጥ ያስገድደዋል።

በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶታል። በአንቀጽ 587 መሠረት ጠለፋ ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም። ሕጉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ሕግ ከሮቤ ፍርድ ቤት ተነሥቶ ወደ ገጠር መንደር እስኪደርስ ብዙ ይዘገያል፤ ነውር ግን ከሕፃኑ ጋር በአንድ ጀርባ ታዝሎ ያድጋል። ስለዚህ ነውርን በነውር የሚያርም ነገር ከዚያው ከመንደሩ ሊገኝ ይገባል፤ ተገኝቷልም፤ ሩቅ አልሄድም።

በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ዘንድ ሲንቄ የምትባል ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር አለች። ስሟ ለባንክ ከተሰጠ ወዲህ በከተማ የሚያውቃት በዝቷል፤ ነገር ግን ብዙ ወጣት የሚያውቀው ሲንቄን ሳይሆን የባንኩን ሰሌዳ ነው። ሲንቄ ሐሮሬሳ ከሚባለው ዛፍ ተቆርጣ፣ ልጅቱ በምትዳርበት ቀን ከእናቷ እጅ ትቀበላታለች። ለመምቻ አይደለችም፤ ከብት አይነዳባትም፣ ውሻም አይባረርባትም። ባለ ሲንቄዋ በሚጣሉ ወንዶች መካከል ገብታ በትሯን ብታሳልፍ፣ ጦር የሰበቀው ስንኳ ጦሩን ማውረድ አለበት፤ እርሷን አልፎ መማታት ሰፉን መጣስ ነውና።

አራስ ሴት በግንባሯ ላይ ቀነፋ የሚባለውን የአራስነት ምልክት አስራ በምትቆይበት ወራት ባሏ እጁን ቢያነሣባት፣ ሲንቄዋን ይዛ ከደጅ ትወጣና ትጮኻለች። የጎረቤት ሴት ይህን ጩኸት ሰምታ «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ማለት አትችልም። የምታልበው ላሟን ትታ፣ የምትፈጨው ወፍጮዋን ትታ፣ ሁሉም ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ከዚያም ሴቶቹ በአንድነት መንደሩን ለቀው ይሄዳሉ፤ ወንዝ ይሻገራሉ፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በመንደሩ የቀሩትን ወንዶች እስቲ በሕሊናችሁ ተመልከቷቸው፤ ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ጥጆቹ ይጮኻሉ፤ ሕፃናቱ ያለቅሳሉ፤ እንግዳ ቢመጣ የሚያስተናግድ የለም፤ እያንዳንዱ ወንድ ደግሞ ይህን ሁሉ ያመጣውን ያን አንዱን ሰው በጎሪጥ ያየዋል። ሽማግሌዎች ሣር ይዘው ሊለምኑ ይሄዳሉ። ሴቶቹ በቶሎ እሺ አይሉም፤ በዳዩ ራሱ መጥቶ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ ለመታረቂያ ከብት አቅርቦ፣ በዐደባባይ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ አይነሡም። እርግማናቸውም ይፈራል።

አድማጮቼ፣ እዚህ ላይ የሆነውን አስተውላችሁ ተመልከቱት። የተመታችው ሴት ፊቷን ሸፍና ጓዳ አልገባችም፤ የተሰበረ እግሯን ለሰው ሁሉ አሳየች፤ ያፈረው ግን ድንጋዩን የወረወረው ሆነ። የገዳ ሥርዐት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር፤ ደስታችን ግን ለበዓል ልብስና ለፎቶግራፍ ብቻ ሆኖ ቀረ ብዬ እሰጋለሁ፤ ሲንቄን የመሰለ ዳኝነት በውስጡ እንዳለ ለልጆቻችን አላስተማርናቸውምና።

ለማሞካሸት ብቻ ስል አንድ ነገር ብደብቅ ግን ራሴ ነውረኛ እሆናለሁ። ሲንቄ የምትሰጠው በወግ ለተዳረች ሙሽራ ነው። እናት በሠርጓ ቀን ታስጨብጣታለች። በፈረስ ተከብባ የተወሰደችው ልጅ ግን ማን ያስጨብጣታል? እናቷ ስትደርስ ልጅቱ ሄዳለች። ስለዚህ ጩኸት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት እርሷ፣ በትሯን ሳትይዝ የቀረችው እርሷ ናት። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ክፍተት ሳይደፍኑት ትተውልን ሄደዋል፤ እኛ ደግሞ ክፍተቱን መድፈን ሲገባን በትሯን ራሷን ረሳናት።

መርሳታችንን ቁጥርም ይመሰክራል። በ2008 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ስለ አንዳች ምክንያት፣ ምግብ ብታሳርር፣ ብትመልስለት፣ ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ፣ ሊመታት ይገባዋል ብለው የመለሱት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ ወንዶቹ 28 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ ተገላብጦ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ከወንዱ ይልቅ ሴቷ ለዱላው ምክንያት ፈላጊ ሆና ተገኘች። ጠቦቱ እግሩ የተሰበረው በራሱ ጥፋት እንደ ሆነ ማመን ሲጀምር፣ እረኛው መከራከርም አያስፈልገውም።

እንግዲህ ልመናዬ ለባሌ እናቶችና አያቶች ነው። ከናንተ መካከል ሲንቄዋ በጓዳ ግድግዳ ላይ ተሰክታ ጥላሸት የጠጣች ብዙ ሴት አለች። በዚህ ሳምንት፣ ማታ ቡናው ሲፈላ፣ አውርዷትና ጠርጓት፤ የልጅ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ምን እንደ ሆነች ንገሯት፤ እስክትዳር ድረስ ሳትጠብቁም በእጇ አስጨብጧት። ወንድ ልጅም በቤቱ ካለ አብሮ ይስማ።